ከሸክላው ጀርባ ያሉት ስሞች

እንደገና የታተመ የድሮ አልበም እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው። ፊቱ ላይ «ሪማስተር የተደረገ»፣ «ከዚህ በፊት ተሰምቶ የማያውቅ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ከሆነ አልፈዋለሁ። ጀርባው ላይ ግን ማወቅ የምፈልገው ብዙ ነው። ከምን ተቀዳ? ከዋናው ማስተር ቴፕ ነው፣ ከተጫጫረ ሸክላ ነው፣ ወይስ አንድ ሰው ዩቲዩብ ላይ ከጫነው? ቤዝ ጊታሩን ማን ተጫወተው? ቅንብሩስ የማን ነው? ባለሙያው በሕይወት ካለ ተጠይቋል ወይ? ተከፍሎታል ወይ? እነዚህ ካልተመለሱ ድምፁ የቱንም ያህል ቢጠራ አልበሙ ጎደሎ ነው የሚሆንብኝ።

አሁን አሁን ከማኅደር የሚወጣው አልበም ብዛት ለጉድ ነው። ሮክ በሉት፣ ጃዝ በሉት፣ ሶል በሉት፣ ከሃምሳና ከስልሳ ዓመት በፊት የተቀዳ ነገር እንደ አዲስ ይወጣል። አንዳንዱ ወርቅ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ያው ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው። ልዩነቱን እንዴት እንደማየው፣ የምወዳቸውን ጥቂቶቹን እያነሳሁ ላውጋችሁ። ኋላ ላይ ወደኛው ሸክላና ካሴት እመጣለሁ፤ የልቤ ጉዳይ እሱ ነውና። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ከጃዝ ልጀምር። ማርች 6 ቀን 1963 ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን ከነባልደረቦቹ ኒው ጀርሲ ውስጥ ኢንግልዉድ ክሊፍስ ወዳለው የሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ገባ። ፒያኖ ማኮይ ታይነር፣ ቤዝ ጂሚ ጋሪሰን፣ ድራም ኤልቪን ጆንስ። ቀድተው ሲጨርሱ ማታ ወደ ሥራቸው፣ ኒው ዮርክ ወዳለው ባርድላንድ ክለብ ሄዱ። በማግስቱ ወደዚያው ስቱዲዮ ተመልሰው ከዘፋኙ ጆኒ ሃርትማን ጋር ያንን ዝነኛ አልበም ቀዱ። የሃርትማኑ አልበም ወጥቶ ዓለም አወቀው። ከአንድ ቀን በፊት የተቀዳው ግን ሳይወጣ ቀረ። ዋናው ቴፕም ኩባንያው ከዓመታት በኋላ የመጋዘን ወጪ ለመቀነስ ካስወገዳቸው ቴፖች ጋር አብሮ እንደጠፋ ይታመናል።

እንግዲህ ምን ተረፈ? ቫን ጌልደር ለኮልትሬን ቤት ወስዶ እንዲያዳምጠው የሰጠው የሞኖ፣ ማለትም ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር የሚወጣ፣ ቅጂ። ኮልትሬን ይህን ቴፕ ለመጀመሪያ ሚስቱ ለናይማ ሰጣት። በኋላ ተለያዩ፣ እሱም በ1967 ሞተ፣ እሷም አለፈች፤ ቴፑን ግን ቤተሰቧ አቆየው። ከተቀዳ ከ55 ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ «ቦዝ ዳይሬክሽንስ አት ዋንስ» ተብሎ ወጣ።

ይህን አልበም ካልሰማችሁት ስሙት። ስም እንኳ ያልወጣላቸው፣ 11383 እና 11386 በሚል የቀረጻ ቁጥር ብቻ የሚጠሩ ሁለት ድርሰቶች አሉበት። በመጀመሪያው ላይ ጋሪሰን ቤዙን በጣቱ መምታቱን ትቶ በደጋን ይጫወታል፤ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ትንሽ ያጉረመርማል። «ኢምፕሬሽንስ»ን ደግሞ ያለ ፒያኖ የተጫወቱበት አለ። ታይነር ዝም ሲል ወለሉ ከሥር የተነሳ ያህል ነው። ኮልትሬን ከቤዝና ከድራም ጋር ብቻ ቀርቶ፣ የሚደገፍበት ኮርድ ሳይኖረው፣ አንዷን ሐረግ ይዞ ይገለብጣታል፣ ያጣምማታል፣ መልሶ ያቃናታል። አንዳንዶች ይህ አልበም አይደለም፣ የአንድ ቀን ሥራ ነው ብለው ተከራክረዋል። ይሁን። እኔ ግን አንድ ባለሙያ ገና መንገዱን እየመረጠ ሳለ መስማት የምችለው እንዲህ ባለው ቀረጻ ነው እላለሁ። ተመርጦ፣ ተቆርጦ፣ አምሮ የወጣው አልበም ይህን አያሳየኝም።

ናይማ ቴፕ ስታተርፍ ይህ ብቻውን አልነበረም። ኮልትሬን ከፒያኖ ተጫዋቹ ከቴሎኒየስ መንክ ጋር ፋይቭ ስፖት ክለብ ሲጫወት የቀዳችው እሷ ናት፤ በ1993 ታተመ። የድምፁ ጥራት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ግን ለብዙ ጊዜ የነዚያን የሁለቱን መድረክ የምናውቀው በሷ ቅጂ ብቻ ነበር። ከዚያ በ2005 ላሪ አፕልባም የተባለ ባለሙያ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮን (ቪኦኤ) አሮጌ ቴፖች ወደ ዲጂታል ሲገለብጥ፣ ካርኔጊ አዳራሽ 1957 የተባለ ቴፕ አገኘ። አንዱ ማሸጊያ ላይ በእጅ «ቲ. መንክ» ተብሎ ተጽፏል። መንክና ኮልትሬን ኖቬምበር 29 ቀን 1957 የተጫወቱት ዝግጅት ነበር፣ በጥርት ያለ ድምፅ። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ በመንግሥት ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ማንም አላየውም። እዚህ ጋር ልብ በሉ፦ ያ በእጅ የተጻፈ ስም ባይኖር አፕልባም ቆም ብሎ ያዳምጠው ነበር ወይ? እንጃ።

ሁሉም ግን እንዲህ አይተርፍም። በ2008 ሎስ አንጀለስ ያለው የዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ግቢ ሲቃጠል የማስተር ቴፕ መጋዘን አብሮ ነዶ ነበር። የጉዳቱ መጠን በሰፊው የተሰማው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ በኒው ዮርክ ታይምስ ዘገባ ነው። ኩባንያው ጉዳቱ የተባለውን ያህል አይደለም ብሏል። ይሁንና ነገሩ የሚያስተምረን አለ። ትልቅ ኩባንያ ስለያዘው ብቻ ሙዚቃ ደኅና ነው ማለት አይቻልም።

ማኅደሩ አሁን አሁን ለምን እንዲህ ተከፈተ ብላችሁ የምትጠይቁ ካላችሁ፣ አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የቀረጻ መብትን ከ50 ወደ 70 ዓመት ሲያራዝም፣ የተራዘመው ዘመን የሚሠራው በ50 ዓመት ውስጥ ለሕዝብ ለቀረበ ቀረጻ ሆነ። ያልወጣውማ ጥበቃውን ያጣል። ስለዚህ በ2012 መጨረሻ የቦብ ዲላን ኩባንያ ያልታተሙ የ1962 ቀረጻዎችን ሰብስቦ መቶ ገደማ ቅጂ ብቻ አውሮፓ ውስጥ አወጣ። ስሙንም በግልጽ የመብት ማራዘሚያ ስብስብ አሉት። በዓመቱ ደግሞ ቢትልስ 59 ያልታተሙ የ1963 ቀረጻዎች በኢንተርኔት ተለቀቁላቸው። እንዲህ ያለው ነገር ይከፋኛል። መቶ ሰው ብቻ የሚገዛው አልበም ለአድማጭ የተሠራ አይደለም፤ ለጠበቃ ነው።

ስለ ድምፅም ትንሽ ልበል። ሪማስተር፣ ማለትም የድሮውን ቅጂ ድምፅ እንደገና ማስተካከል፣ ሲባል ብዙ ሰው የተሻለ ማለት ይመስለዋል። ሁልጊዜ አይደለም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የወጡ ብዙ ሲዲዎች ድምፃቸው ሆን ተብሎ ጮክ እንዲል ተደርጓል፤ ቀስ የሚለውና ጮክ የሚለው ክፍል እኩል ስለሚሆን ሁሉም ወጥ ላይ እኩል በርበሬ እንደ መነስነስ ነው። መጀመሪያ ስትሰሙት ይማርካል፣ ግማሽ ሰዓት ሲሆን ጆሮ ይደክማል። ሞኖም ሌላ ነገር ነው። ቢትልሶች በ1960ዎቹ ቁጭ ብለው የተጠነቀቁለት የሞኖውን ሚክስ (የተቀዱትን ድምፆች አመዛዝኖ ማዋሐዱን) ነበር፣ ስቴሪዮው ብዙ ጊዜ በኋላ በጥድፊያ የሚሠራ ነው። የ2009ኙ የሞኖ ሳጥናቸው ሲወጣ ብዙ ሰው ዘፈኖቹን እንደ አዲስ የሰማቸው ለዚህ ነው። አሁን ደግሞ ኮምፒውተር በአንድ ትራክ ላይ ተደባልቆ የተቀዳ ድራምና ጊታር መለየት ችሏል። «ሪቮልቨር» በ2022 እንደገና ሚክስ የተደረገው በዚህ ዘዴ ነው። ቅር አይለኝም፣ ዋናውን ሚክስ አብረው እስከሰጡኝ ድረስ። አዲሱን ሰጥተው አሮጌውን ከገበያ ሲያወጡት ግን በቃ፣ ያ ሌላ ሥራ ነው።

ከሶል አንድ ላንሳ፤ ዘፋኙን ማርቪን ጌይን። ከ1971ዱ ትልቅ አልበሙ በኋላ «ዩር ዘ ማን» የሚል የፖለቲካ ዘፈን በ1972 አወጣ። እንደታሰበው ስላልሄደ ሊከተል የነበረው አልበም ቀረ። ቀረጻዎቹ ተሰብስበው በአንድ አልበም የወጡት በ2019፣ ቢኖር 80 ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩ ነው። ውስጡ የሚገርም ነገር አለ። በቬትናም ጦርነት የተማረኩ ወታደሮችን አስቦ የሠራው የገና ዘፈን አለበት፣ ሲሰሙት ያባባል። ነገር ግን ሦስቱን ዘፈኖች ሳላም ረሚ የተባለ የዘመናችን ፕሮዲዩሰር አዲስ ሚክስ ሠርቶላቸዋል። ሰውየው ጎበዝ ነው፣ ሙያው ላይ ጥያቄ የለኝም። ግን በ1984 የሞተ ሰው እሺም እምቢም ማለት አይችልም። ያልጨረሰውን እንዳለ ስጡኝ። ጎዶሎው ራሱ የታሪኩ አካል ነው።

ወደ ሮክ ስንመጣ ሁለት የዲትሮይት ታሪኮች አሉ፣ ሁለቱም እኔን በጣም ነክተውኛል። ሲክስቶ ሮድሪጌዝ በ1970 እና በ1971 ሁለት አልበም አውጥቶ አሜሪካ ውስጥ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ቀረ፤ ከዚያ የሕንፃ ማፍረስ ሥራ ይሠራ ነበር። እሱ ሳያውቅ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በየቤቱ ይሰማ ነበር። አልበሞቹ ከ2008 ጀምሮ እንደገና ታትመው ስሙ ተመለሰ፣ በስተርጅና ትልልቅ አዳራሽ ሞላ፣ በ2023 አረፈ። የዚያ ሁሉ የደቡብ አፍሪካ ሽያጭ ገንዘብስ? እሱ ኪስ አልገባም።

ሁለተኛው የሃክኒ ወንድማማቾች ናቸው፤ ዴቪድ፣ ቦቢና ዳኒስ። ሦስት ጥቁር ወጣቶች፣ ዲትሮይት ውስጥ ሁሉም ሰው የከተማዋን የሶል ኩባንያ ሞታውንን በሚያዳምጥበት ጊዜ፣ ፓንክ የሚባለው ፈጣንና ሻካራ ሮክ ገና ስም ሳይወጣለት ያንኑ ይጫወቱ ነበር። የባንዱ ስም ዴዝ፣ ማለትም ሞት ነው። አንድ ትልቅ ኩባንያ ስሙን ቀይሩና እናሳትማችሁ አላቸው። ዴቪድ እምቢ አለ። በ1975 የቀዱት ሳይወጣ ቀረ፤ በራሳቸው ገንዘብ 500 ቅጂ ያላት ትንሽ ሸክላ አሳተሙና ነገሩ በዚያው አበቃ። ዴቪድ በ2000 በካንሰር ሞተ። ከመሞቱ በፊት ቴፖቹን ለወንድሙ አስረክቦ፣ አንድ ቀን ዓለም ፈልጎ ይመጣልና እንዳትጥላቸው ብሎት ነበር። በ2009 አልበሙ ወጣ። ሰባት ዘፈን፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይሞላ። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ዴቪድ አጠገቤ ቢኖር ብዬ እመኛለሁ።

አሁን ወደኛ።

ኃይሉ መርጊያ። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች፣ የአዲስ አበባ ሒልተን የሌሊት ድምፅ። በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊ ስለነበር ሰው እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ወይ ቤቱ ይገባል ወይ ክለብ ውስጥ ተዘግቶበት ያድራል፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ዋልያሶች በ1977 «ቼ በለው»ን አሳተሙ፣ ድምፃዊ የሌለበት፣ መሣሪያ ብቻ። ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ይዞ አብሯቸው አለ። በ1981 አሜሪካን ሊዞሩ ሄዱ፤ ከመካከላቸው ኃይሉን ጨምሮ የተወሰኑት እዚያው ዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 ኃይሉ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀዳ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ያማሃ ዲኤክስ7 ኪቦርድና ድራም ማሽን። በቃ፣ ሌላ ሰው የለም። ካሴቱ አገር ቤት መጥቶ ተሸጠ፣ ተሰማ፣ ከዚያ ጊዜው አለፈና ተረሳ። ኃይሉ ታክሲ መንዳት ጀመረ።

«ሸሞንሟናዬ»ን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ድራም ማሽኑ ቲክ ቲክ ይላል፣ አይፈጥንም፣ አይዘገይም፣ ሰው እንዳልሆነ አይደብቅም። ከሱ በላይ አኮርዲዮኑ ይመጣል። አኮርዲዮን ደግሞ ይተነፍሳል፤ ሳንባው ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁ ያብጣል፣ ይሟሽሻል፣ አንዳንዴ ከምቱ ትንሽ ወደኋላ ይቀራል። በአባቶቻችን ጊዜ በየሰርጉና በየባንዱ የነበረ መሣሪያ ነው፣ በ1985 ግን ፋሽኑ አልፎበት ነበር። ኃይሉ ሆን ብሎ አነሳው። ቅኝቱ የኛው ነው፣ ዜማውን ስትሰሙት ቃሉ ራሱ አፋችሁ ላይ ይመጣል፣ ግን የሚዘፍን ሰው የለም። ከስሩ ያለው የኪቦርድ ድምፅ ደግሞ የዚያ ዘመን የአሜሪካ ሶል ነው። ሁለቱ አይጣሉም። አገሩን ጥሎ የሄደ ሰው ሌሊት ብቻውን ሲያጫውት እንዲህ ይመስለኛል።

ከዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ይህን ካሴት ገዛ። ወደደው። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈለገ፣ ስልክ አገኘ፣ ደወለ። አነሳለት። አልበሙ በ2013 በሸክላና በሲዲ እንደገና ወጣ፤ የሺምኮቪትዝ ድርጅት ከባለሙያዎቹ ጋር ትርፉን እኩል እንደሚካፈል በይፋ የሚናገር ነው። ኃይሉ እስከዚያ ድረስ ደንበኛ እስኪመጣ በዋሽንግተኑ ዳለስ አየር ማረፊያ ታክሲው ውስጥ ተቀምጦ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ለማን ብሎ? ለማንም አይደለም፣ ጣቱ እንዳይተወው ነው። ለዚህ ነው ስልኩ ሲደወል ዝግጁ የነበረው። ከዚያ በኋላ አውሮፓንና አሜሪካን ዞረ፣ «ቼ በለው» በ2014፣ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ተመለሱ፣ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። አዲስ! አሮጌውን አሳትሞ መተው አንድ ነገር ነው፣ ባለሙያውን ወደ ሥራው መመለስ ሌላ።

ከዚሁ ከ«ቼ በለው» ውስጥ «ሙዚቃዊ ስልት»ን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ድርሰቱ የግርማ በየነ ነው። በ1998 ኒው ዮርክ ውስጥ ዳክታሪስ የሚባል ቡድን ይህንኑ ተጫውቶ አሳተመው። አልበሙ ከ1970ዎቹ ናይጄሪያ የተገኘ የጠፋ ሸክላ መስሎ ነበር የቀረበው። ጀርባው ላይ የተደረደሩት አንዳንድ የአፍሪካ ስሞች ፈጠራ ናቸው፤ ተጫዋቾቹ የኒው ዮርክ ልጆች ነበሩ። አጨዋወታቸው ግሩም ነው፣ አልክድም። ግን በዚያው ጊዜ እውነተኛው ግርማ በየነ አሜሪካ ውስጥ ነዳጅ ማደያ እየሠራ ይኖር ነበር። እኔ የሸክላ ጀርባ ላይ ችክ የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ግርማ ወደ አልበም የተመለሰው በ2017 ነው፣ ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር፣ የድሮውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሚያሳትመው በኢትዮፒክስ ተከታታይ 30ኛው ቅጽ።

ኢትዮፒክስ ካልን ፈረንሳዊውን አዘጋጁን ፍራንሲስ ፋልሴቶን አለማንሳት ነውር ነው። ሰውየው በ1984 የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ሰምቶ አላስቻለውም፤ በ1986 ቤልጅየም ውስጥ እንዲታተም አደረገ፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ፓሪስ ላይ ኢትዮፒክስን በተከታታይ አወጣ። መሠረቱ አምሃ እሸቴ የሠራው ሥራ ነው። አምሃ በ1969፣ ሸክላ ማሳተም የመንግሥት ሞኖፖል በነበረበት ጊዜ፣ ደፍሮ የራሱን ማሳተም ጀመረ፤ የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣ መቶ ገደማ ትንንሽ ሸክላና ጥቂት ትልልቅ አሳተመ። አምሃም ዓለማየሁም በ2021 አጥተናቸዋል። ያንን ድፍረት ባያደርግ ፋልሴቶም የሚያሳትመው ባልኖረው፣ የፊልም ዳይሬክተሩ ጂም ጃርሙሽም በ2005 ፊልሙ ውስጥ ሙላቱን ባላስገባ ነበር።

ፋልሴቶን አመሰግናለሁ፣ ደግሜም አመሰግናለሁ። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። የኢትዮጵያ ሙዚቃ «ወርቃማ ዘመን» ከ1969 እስከ 1975 ነው የሚለው ወሬ ከዚያ ተከታታይ ወጥቶ ዓለምን ሞልቷል፤ ሰብሳቢዎቹም የሚፈልጉት ያንን ብቻ ሆነ። ደርግ ሲመጣ ሙዚቃው የቆመ ይመስላል። አልቆመም እኮ! ሸክላው ቆመ፣ ካሴቱ ተተካ። እኛ ያደግነው በካሴት ነው። ሮሃ ባንድ፣ ከነ ሰላም ስዩም ጊታር፣ ከነ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ፣ ከነ ዳዊት ይፍሩ ኪቦርድና ቅንብር፣ የአንድን ትውልድ ድምፃውያን አጅቧል። የዚያ ዘመን ሥራ በቅጡ ተሰብስቦ፣ ማን ምን እንደተጫወተ ተጽፎ የታተመው ስንቱ ነው? ኢምንት።

ዋሽንግተን ውስጥ በ1984 የተቀዳው የአድማስ ባንድ «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» በ2020 እንደገና ሲወጣ ያስደሰተኝም ለዚህ ነው። አበጋዝ ክብረወርቅ ሽዮታ፣ ሔኖክ ተመስገን፣ ቴዎድሮስ አክሊሉ ወጣት ሳሉ በራሳቸው ገንዘብ ያሳተሙት ነው። ሬጌ አለበት፣ ሳምባ አለበት፣ ሲንተሳይዘር በሽ ነው፤ የሰባዎቹን ድምፅ ለሚፈልግ ሰብሳቢ ላይጥመው ይችላል። እኔ በጣም ነው የምወደው።

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩም በካሴት ቀድተዋል። ኢትዮፒክስ 21 ላይ ያለውን ፒያኖአቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። በ2024፣ እማሆይ ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ባረፉ በዓመቱ ግድም፣ «ሱቬኒርስ» ወጣ። እዚህ ላይ እማሆይ በድምፃቸው ይዘምራሉ፤ በአብዮቱ ዘመንና ከዚያ በኋላ ቤታቸው ቁጭ ብለው ራሳቸው የቀዱት ነው። የካሴቱ ሹሹታ አለ፣ የክፍሉ ማስተጋባት አለ፣ ድምፃቸው ቀጭንና የዕድሜ ነው። አሳታሚዎቹ አላጸዱትም፣ በዚህ ላይ ክብር ይግባቸው። ሹሹታው ቢወጣ ክፍሉም አብሮ ይወጣል።

ስለዚህ ቤታችሁ ካሴት ላላችሁ የማውቀውን ልንገራችሁ። ዓመታት ያልተነካ ካሴት ካገኛችሁ ዘላችሁ ማጫወቻ ውስጥ አትክተቱት። መጀመሪያ ክሩን በእስክሪብቶ ቀስ እያላችሁ አዙሩት፣ ተጣብቆ ከሆነ ታውቁታላችሁ። መሃል ላይ ያለችውን ትንሽ ጨርቅ እዩ፤ ብዙ ጊዜ ሙጫዋ ይለቃል፣ ከወደቀች ድምፁ የታፈነ ይሆናል፣ ከማይረባ ካሴት ወስዶ መተካት ይቻላል። በፍጥነት ወደፊትና ወደኋላ አታመላልሱት። ስትገለብጡት ከጎኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጡ ገልብጡ፣ ዘፈን በዘፈን አትቁረጡት። በኮምፒውተር «አሳምሬ» ብላችሁ ሹሹታውን አታጥፉ፣ ወይም ካጠፋችሁ ያልተነካውን ቅጂ ለብቻ አስቀምጡ። ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ሥር አታስቀምጡት፣ ቲቪ ላይ ወይም ስፒከር አጠገብም አይሁን።

ከሁሉ በፊት ግን የሽፋን ወረቀቱን ፎቶ አንሱ። ሁለቱንም ገጽ፣ በቀን ብርሃን፣ ጥቃቅኗ ጽሑፍ እስክትነበብ። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ፣ አጃቢ ባንድ፣ ሙዚቃ ቤቱ፣ ያለበት ሰፈር ጭምር። አንዳንዱ የባንዱን አባላት ሙሉ ስም ይዘረዝራል፣ አንዳንዱ የስቱዲዮውን ይጽፋል። ዘፈኑን ኢንተርኔት ላይ በአንድ ደቂቃ ታገኙታላችሁ፤ ይቺን ወረቀት ግን ማንም አልጫናትም። ስትጭኑት ከዘፈኑ ጋር አብራችሁ ጫኑት፣ ርዕሱ ላይ ድምፃዊውን ብቻ አትጻፉ።

አንድ ነገር ልጠይቅና ላብቃ። ዋልያሶች በ1981 አሜሪካን ሲዞሩ አዳራሽ ገብተው የሰሟቸው አብዛኞቹ የኛው ሰዎች ነበሩ፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ቴፕ ሪከርደር ተሸክሞ መሄድ የተለመደ ነው። ዋሽንግተን፣ ኒው ዮርክ፣ ሎስ አንጀለስ ወይም ሌላ ከተማ የነበራችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁ የነበሩ፣ ያን ምሽት የቀዳ ካሴት ካለ አሳውቁኝ። ጥራቱ አያስጨንቃችሁ። ካሴቱን አልፈልገውም፣ እናንተው ጋር ይቀመጥ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና መድረኩ ላይ እነማን እንደነበሩ የምታስታውሱትን ብቻ ጻፉልኝ።